ጀግኒት የምትለካው «እምቢ» ባለች ማግስት ነው

የልብ ወለድ አንባቢዎች ስለሚወዷቸው ጥንዶች ሲከራከሩ ወሬው ቶሎ ወደ መልክና ወደ ምላስ ይሄዳል። እሱ እንዴት እንደሚያምር፣ እሷ እንዴት አፍ እንደምታስይዝ፣ የፍቅራቸው ቃል መጀመሪያ የት እንደተነገረ ይወራል። «ጠንካራ ሴት ገጸ ባሕርይ» ከተባለ ደግሞ ሰይፍ የምትመዝ፣ ማንንም የማትፈራ፣ እንባ የማታውቅ ሴት ትጠቀሳለች። ሁለቱም መለኪያ ስቷል ባይ ነኝ። ጥንካሬዋ የሚታወቀው የምትፈልገውን ወይም የሚያስፈልጋትን ነገር ፊቷ አቅርበውላት «እምቢ» ስትል፣ በማግስቱም የእምቢታዋን ዕዳ ስትከፍል ነው። የሰውየውም ፍቅር የሚፈተነው በዚያው ማግስት ነው።

በ1813 እ.ኤ.አ. የታተመው የጄን ኦስተን «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» 61 ምዕራፎች አሉት። ሀብታሙ ዳርሲ ጀግኒቷን ኤልዛቤትን ለጋብቻ የሚጠይቃት፣ እሷም እምቢ የምትለው በ34ኛው ምዕራፍ፣ ማለትም ከመጽሐፉ ግማሽ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ቦታው በደንብ ታስቦበታል። ጥያቄው መጨረሻ ላይ ቢመጣ የሠርግ ዋዜማ ብቻ ይሆን ነበር፤ መሃል ላይ ስለወደቀ ግን የቀረው ግማሽ መጽሐፍ ሁለቱም የሚለወጡበት ጊዜ ሆነ። የእምቢታው ዋጋም ቀላል አይደለም። አባቷ ሲሞቱ ቤቱና መሬቱ ለዘመዳቸው ለኮሊንስ ይተላለፋል፣ አምስት እህትማማቾች ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ኤልዛቤት ደግሞ ከዳርሲ በፊት ኮሊንስን ራሱን እምቢ ብላዋለች። ሁለት ጊዜ በር ተከፈተላት፣ ሁለቱንም ጊዜ በገዛ እጇ ዘጋችው።

ጥንዶቹን ተወዳጅ ያደረጋቸው ግን የሚቀጥለው ጠዋት ነው። ዳርሲ ደብዳቤ ሰጥቷት ይሄዳል። የደብዳቤው መክፈቻ የትናንቱን ጥያቄ እንደማይደግምባት ያረጋግጥላታል። አይለማመጣትም፣ አያስፈራራትም፣ እምቢ ስትለው ለከሰሰችበት ነገር መልስ ብቻ ይሰጣል። እሷ መጀመሪያ የምታነበው በቁጣ ነው፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ወደሚቀጥለው ትጣደፋለች። ውሸት ነው ብላ ታጥፈዋለች፣ ዳግመኛም ላላየው ትላለች። ግማሽ ደቂቃ አልሞላም፣ መልሳ ዘረጋችው። ለሁለት ሰዓት ያህል መንገዱ ላይ ስትንከራተት ታሰላስላለች፣ ራሷን ትመረምራለች፤ በመጨረሻም እስከዚያች ቅጽበት ራሷን እንደማታውቅ ታምናለች። መሳሳቷን ለመቀበል የወሰደባት ድፍረት ሰውየውን ፊት ለፊት ከተናገረችበት ድፍረት ይበልጣል። ብዙ ደራሲዎች የመጀመሪያውን ድፍረት ይኮርጁና ሁለተኛውን ይረሱታል። ያን ጊዜ የምትወጣው ጀግኒት ተሳዳቢ ትሆናለች እንጂ ጠንካራ አትሆንም።

የሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» (1847 እ.ኤ.አ.) ነገሩን የበለጠ ያከረዋል፤ እዚህ ጀግኒቷ እምቢ የምትለው የምትወደውን ሰው ነው። ሮቸስተር በሕይወት ያለች ሚስት እንዳለችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በሠርጉ ሰዓት ይጋለጣል። እንደ ባልና ሚስት አብረን እንኑር፣ ማንም አያውቀንም እያለ ይለምናታል። ጄን ትወደዋለች፤ እምቢ ያለችውም ፍቅሯ ሳይበርድ ነው። ሌሊቱን ስትወጣ ብሮንቴ የምታሳየን እንባዋን ብቻ አይደለም፤ የጎን በሩን ቁልፍ ከወጥ ቤት ፈልጋ፣ ዘይትና ላባ ይዛ፣ በሩ እንዳይንጫጫ ቁልፉንና መቆለፊያውን ቅባት ስትቀባ ጭምር ነው። ሮቸስተር የሰጣትን የዕንቁ ሐብል ትታለች፤ የያዘችው ገንዘብ 20 ሽልንግ ነው፣ ለሠረገላው የተጠየቀችው ደግሞ 30። ባለ ሠረገላው በ20ው ወሰዳት፣ እሷ ግን ጥቅሏን እዚያው ረስታ ወረደች። ከዚያ በኋላ ለአሳማ ሊጣል የነበረ የቀዘቀዘ ገንፎ ለምና እስከመብላት ትደርሳለች። ደራሲዋ የእምቢታውን ዋጋ በሽልንግና በገንፎ ስለቆጠረችው አንባቢ ያምናል። ጀግኒቷ «ሁሉን ትታ ሄደች» ተብሎ በአንድ መስመር ቢታለፍ ኖሮ ከገጽ ላይ አይነሳም ነበር።

ጠንካራ ማለት ጥሩ ሰው ማለት አለመሆኑን ለማየት ደግሞ ስካርሌት ኦሃራ ትበቃለች። የማርጋሬት ሚቸል መጽሐፍ በ1936 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ የአማርኛ አንባቢ የሚያውቀው «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚለው፣ ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ በተረጎመው ሥራ ነው። ስካርሌት ለርስቷ ግብር 300 ዶላር ስትቸገር ከመስኮት መጋረጃ ቀሚስ አሰፍታ፣ የደላት መስላ፣ ገንዘብ ልትቀበል የሚወዳት ረት በትለር ወደታሰረበት ትሄዳለች። ውሸቷ ሊሠራላት ነበር፤ እሱ ግን መዳፏን ገልብጦ አየ። መዳፏ በሥራ ሻክሯል። ከሁሉም ሰው የሸሸገችውን እሱ በአንድ እይታ ስላነበበው ነው ጥንዶቹ የማይረሱት። የጎደላቸው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም የልባቸውን በአንድ ቀን አልተናገሩም። እሷ ሲገባት እሱ ጠግቦ ጨርሷል።

በአማርኛ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያነሳው የበዛብህን መከራ ነው። ሰብለወንጌል ግን ከዚያ በላይ ይገባታል። ዘር ቆጥሮ ባል ሲመልስባት የኖረውን የአባቷን ቤት ትታ ፍለጋ የወጣችው እሷ ናት። ፈላጊዋን ሴት፣ ተፈላጊውን ወንድ ማድረግ በዚያ ዘመን ትልቅ ውሳኔ ነበር፣ ስለ እሱም ሊወራ ከሚገባው በታች ይወራል።

እንግዲህ የሚበላሸው የት ነው? ከሁሉም የሚያናድደው ጀግኒቷ እሱ እስኪመጣ ብቻ የምትጠነክርበት ታሪክ ነው። እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ በራሷ የምትቆመው ሴት ከዚያ በኋላ መታገት፣ መታመም፣ መውደቅ ሥራዋ ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ደራሲው ጥንካሬዋን እሱን ለመሳብ ከተጠቀመበት በኋላ፣ እሱ ጀግና የሚሆንበት ቦታ ሲያጣ ከእሷ ይቀንሳል። መፈተኛው ቀላል ነው። መጽሐፉን ከጨረሱ በኋላ የታሪኩን አቅጣጫ የቀየሩ አምስት ውሳኔዎችን ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ጎን የወሳኙን ስም ያስቀምጡ። ቁጥሩ ብቻ አይደለም፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የማን ናቸው? መጀመሪያ ላይ ሦስት ወስና መጨረሻ ላይ አንድም ያልወሰነች ሴት ተሸልማለች እንጂ አላሸነፈችም።

ሌላው አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማውራት የሚፈታው አለመግባባት ነው። በር ሥር የተሰማ ግማሽ ወሬ፣ ያልደረሰ መልእክት፣ ከእህቱ ጋር ቆሞ መታየት። ለአንድ ምዕራፍ ያስኬዳል፤ መጽሐፍ ግን አይሸከምም። ጠንካራ መሰናክል ንግግር የማያነሳው ነው፦ በሕይወት ያለች ሚስት፣ የዘር ትምክህት፣ ወይም የራስ የተሳሳተ ፍርድ።

ሦስተኛ ወገንን ማርከስም ያው ነው። ተቀናቃኙ ሰካራም ወይም ጨካኝ ከሆነ እሱን መተው ምን ምርጫ አለው? ብሮንቴ ያቀረበችው ሁለተኛው ጠያቂ፣ የጄን የአክስት ልጅ ሴንት ጆን፣ መልከ መልካም ነው፣ ለእምነቱ የሚኖር ነው፣ ጄንን ወደ ህንድ ወስዶ ትልቅ ሥራ ሊሰጣት ይፈልጋል። እንደ እህት አብሬህ ልሂድ ትለዋለች፤ ሚስትነቱን ግን አትቀበልም፣ እንደማይወዳት ታውቃለችና። ይህች ሁለተኛ እምቢታ ባትኖር ከሮቸስተር መሸሿ ፍርሃት ይመስል ነበር።

እምቢ የተባለ ወንድ እየተከተለ፣ በር እየደበደበ፣ ሌላ ሰው እንዳያያት እየከለከለ የሚወደድበት ታሪክ ደግሞ የፍቅር ታሪክ ተብሎ መሸጥ የለበትም። ጽናት ነው ይሉታል። ዳርሲም ጸንቷል፤ ግን ከወንድ ጋር የኮበለለችውን የእህቷን ውርደት በራሱ ገንዘብ ሲያስተካክል እሷ እንዳታውቅ አስጠንቅቆ ነበር። ልዩነቱ ይኸው ነው።

«ጄን ኤር» ላይ አንድ ቅሬታ አለ፤ ከአጎት የመጣው የ20,000 ፓውንድ ውርስ ለደራሲዋ በጣም የተመቸ ነው። ድንገተኛ ሀብት ጀግኒትን ያለ ልፋት ነጻ ያወጣታል። ብሮንቴ ግን ነገሩን እንዲሁ አልተወችውም። ጄን ገንዘቡን ከሦስቱ የአክስቷ ልጆች ጋር እኩል፣ 5,000 እየደረሳቸው፣ ትካፈለዋለች። ወደ ሮቸስተር መንገድ የጀመረችው ከዚህ በኋላ ነው፤ ስትነሳ ሚስቱ መሞቷን እንኳ ገና አልሰማችም።