ስንቁ ይቀመሳል፣ መዝገቡስ?

ባለፈው ሳምንት ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ ከፍ አድርጎ በከፈተው ሬዲዮ አንድ እንግዳ ስለ ኢሚግሬሽን አዋጁ ይናገራል። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀውን ማሻሻያ ማለቴ ነው፤ «አስቸኳይ ሁኔታ» አጋጠመ በተባለ ጊዜ የተቋሙ ኃላፊ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሰውን ከአገር እንዳይወጣ እንዲያግድ የፈቀደውን። አዘጋጁ ትሕትና በተሞላበት ድምፅ «ይህን ሥልጣን ታዲያ ማን ይቆጣጠረዋል?» ሲል ጠየቀ። እንግዳው ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ መለሰ፦ «ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ራሳቸውን ነቀነቁ። ተስማምተው ይሁን ታክቷቸው አልገባኝም። ታክሲው በዚያች ደቂቃ የአፍሪካ ኅብረትን አጥር ይዞ ይሄድ ነበር። ያ ሕንፃ የቆመው ድሮ ከርቸሌ በነበረበት፣ ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» ብሎ በሰየመው እስር ቤት መሬት ላይ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ሰዎች ፍርድ ቤት ሳያያቸው እዚያ ተረሸኑ። አብዛኞቹ ከጥቂት ወራት በፊት አገር የሚያስተዳድሩ ሹማምንት ነበሩ፤ ከርቸሌም በእነርሱ ዘመን ባዶ አልነበረም። ከመካከላቸው አንዱ በደጉ ጊዜ «ሰውን ያለ ፍርድ ማቆየት ይቅር፣ የሚቆጣጠረን ይኑር» የሚል ሐሳብ ቢቀርብለት ምን ይል ነበር? ያንኑ የሬዲዮውን መልስ ይሰጥ ነበር ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ያስረሸኗቸውም ቢሆኑ በ1983 ዓ.ም. ተራቸው ደርሶ ታሰሩ። እስር ቤት ባለቤቱን የሚያውቅ ቤት አይደለም።

«ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል» ማለት በዚህ አገር ከሚነገሩ ክርክሮች ሁሉ ሰነፉ ነው፤ ግን ደጋግሞ ስለሚነገር ክርክር መስሎ ቀርቷል። ጥፋተኛማ የተያዘበትን ያውቃል። ጠበቃውን አስቀድሞ አነጋግሯል፣ ገንዘቡን አሽሽቷል፣ የሚናገረውን አሰናድቷል። ግራ የሚገባው ንጹሑ ነው። በምን እንደተጠረጠረ ስለማያውቅ የሚመልሰው የለውም፤ ዝም ሲል «ደበቀ» ይሉታል፣ ሲናገር «ቃሉን ለዋወጠ» ይሉታል። ደግሞስ ንጹሕ መሆኑን ማን ነው የሚወስነው? ያገደው ሰው ራሱ ከሆነ እንግዳችን የነገሩን ነገር እንዲህ ነው፦ ኃላፊው ንጹሕ ነው ያለው ሰው ኃላፊውን አይፈራም። ይህን ለማወቅ ሬዲዮ መክፈት አያስፈልግም ነበር።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። የዛሬ ጥቂት ዓመት የአክስቴ ልጅ በከተማችን መሐል ባለ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ታሰረ። ጠቡ የሱቅ ኪራይ ጠብ ነበር። አክስቴ በየማለዳው ምሳ ዕቃዋን በነጠላ ቋጥራ ትሄዳለች፤ ሁለት ቀን እኔም አብሬያት ሄጃለሁ። በሩ ላይ እናቶች፣ ሚስቶች፣ እህቶች ፌስታልና ፔርሙዝ ይዘው ይሰለፋሉ። ተራ ሲደርስ ጠባቂው ክዳኑን ያስከፍታል፣ እንጀራውን ገለጥ ገለጥ ያደርጋል፣ ከዚያ «እማማ፣ ይቅመሱ» ይላል። አክስቴ ከሽሮው ትቀምሳለች። ከጎመኑም ትቀምሳለች። ሻዩንም በክዳኑ ቀድታ ፉት ትላለች። የጾም ቀን ያመጣችውን ፍስክ፣ ለልጇ ብላ የሠራችውን ሥጋ ወጥ ሳይቀር ለጠባቂው ዓይን ስትል ትቀምሳለች። ወጡ መርዝ የለበትም። በዕለቱ፣ በሰዓቱ፣ በባለቤቱ አፍ ተረጋግጧል።

ልጁ ዳኛ ፊት የቀረበው ግን በአራተኛው ቀን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ውስጥ ይላል፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ከዚያ ጣቢያ እስከ ፍርድ ቤቱ በእግር ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የቀረውን ሁለት ቀን የት እንደዋለ ብጠይቅ መርማሪው መዝገቡን ገለጠና የተያዘበትን ቀን አሳየኝ። ቀኑ የእኛ ቀን አልነበረም። ሁለት ቀን ዘግይቶ፣ በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ተጽፏል። በዘጠነኛው ቀን ያለ ክስ ወጣ፤ ይቅርታ የጠየቀውም የለም። እኔ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ በዚያ ግቢ ከአንዲት እናት ሽሮ የበለጠ ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግበት ነገር አልነበረም። ስንቁን የሚቀምስ አለ። መዝገቡን የሚቀምስ ማን ነው?

ቁጥጥር ሲባል ብዙ ሰው ካሜራ፣ ኮሚቴና የሥልጠና አዳራሽ ይታየዋል። ለእኔ ነገሩ ከዚህ በጣም ያነሰና የቀለለ ነው፦ የሚይዘው እጅና የሚፈርመው እጅ አንድ አይሁኑ። በቃ። ይህን ለመናገር የውጭ አገር ምሁር መጥቀስ አያስፈልገንም፤ አያቶቻችን ያውቁት ነበር። ባለገንዘብ ባለዕዳውን ሲይዘው ወደ ቤቱ ወስዶ አይዘጋበትም ነበር። ሁለቱ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛሉ፣ ሰንሰለት ካልተገኘም የኩታቸው ጫፍ ከጫፍ ይቋጠራል፣ እንደዚያው ተያይዘው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ቁራኛ ማለት ይህ ነው። ያዡም ተይዟል! ዳኛው ከዘገየ የሚሰለቸው ተከሳሹ ብቻ አይደለም። ከሳሽም እርሻው ይፈታል፣ ከብቱ ይጠፋል፣ ከማይወደው ሰው ጋር አንድ መደብ ላይ ያድራል፣ ለዓይነ ምድር እንኳ ብቻውን አይሄድም። ስለዚህ በከንቱ ሰው የመያዝ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ከያዘም እየሮጠ ዳኛ ፍለጋ ይሄዳል። መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ያለው ሰው ሁሉ ይቆምለት ነበር፤ አላፊ አግዳሚውም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነገር ይሰማ ነበር። የድሮው ቅዱስ ነበር እያልኩ አይደለም፤ እጅ የሚቆረጥበት፣ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚባልበት ዘመን መሆኑን አውቃለሁ። ግን ይህችን አንዲት ነገር በትክክል አግኝተዋታል፦ ሰውን መያዝ ለያዡም ወጪ ሊኖረው ይገባል።

ዛሬ ቃሉ አለ፣ ነገሩ የለም። «በዓይነ ቁራኛ ይከታተሉታል» እንላለን፤ የሚከታተለው ግን ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የታሰረው አንዱ ብቻ ነው። መርማሪው አራዳ ምድብ ችሎት ቀርቦ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ይላል፤ 14 ቀን ይፈቀድለታል። በ14ኛው ቀን ተመልሶ «ቀሪ ምስክር አለኝ» ይላል፤ ሌላ ቀጠሮ። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የሚፈቅደው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን ገደብ አላኖረለትም። መርማሪው ለዘገየበት ቀን ከደመወዙ አምስት ብር አይቀነስበትም። ዳኛው ዋስትና ሲፈቅድም ነገሩ ላያልቅ ይችላል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ፍርድ ቤት በዋስ እንዲለቀቁ ያዘዘላቸው ሰዎች ሳይለቀቁ እንደሚቆዩ በተደጋጋሚ ጽፏል። ማለትም የያዘው እጅ የፈረመውን እጅ ፊርማ አይቶ «አይመቸኝም» ይላል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያየን ነው ከነጭራሹ ፈራሚውን ያስቀረ ሥልጣን ለኢሚግሬሽን የተጨመረው። ያውም በምን ላይ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ፣ በሕጋዊ መንገድ አገር ውስጥ ያለ የውጭ ዜጋም ጭምር፣ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት አለው ይላል። በደርግ ጊዜ የመውጫ ቪዛ ለማግኘት ደጅ የጠና ሰው ይህ አንቀጽ ለምን እንደተጻፈ ማብራሪያ አያሻውም። አሁን መውጫ ቪዛ የለም፤ ኬላው ላይ ስትደርስ የሚነገርህ «አይቻልም» ብቻ አለ። ቲኬቱ ይቃጠላል። ሻንጣው ይወርዳል። «ለምን?» ብለህ ስትጠይቅ ወረቀት የሚሰጥህ፣ ስሙን ጽፎ የሚፈርምልህ ሰው ከሌለ በማን ላይ ትከራከራለህ? በመስኮቱ መስታወት ላይ?

ደጋፊዎቹ አንድ የተሻለ ነጥብ አላቸው፤ ከእንግዳው ከንቱ ነገር ይሻላልና ላንሳው። ሌሊት ስምንት ሰዓት አገር የዘረፈ ሰው አውሮፕላን ሊሳፈር ሲል ዳኛ ከየት ይመጣል ይላሉ። እሺ፣ ሰው ሊያመልጥ እንደሚችል እቀበላለሁ። መልሱ ግን ተረኛ ዳኛ ነው እንጂ ዳኛ አልባ መሆን አይደለም። ይህ ከተማ ተረኛ ሐኪም አለው፣ ተረኛ ፋርማሲ አለው፣ ቦሌ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም። ፍትሕ ብቻ ነው አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በር ቆልፎ የሚሄደው? አንድ ዳኛ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ገጽ ትዕዛዝ። ዳኛ ለማሳመን የሚበቃ ነገር በእጁ የሌለው ኃላፊ ተሳፋሪ ለማስወረድ የሚበቃ ነገር ከየት አመጣ?

«ፓርላማው ይቆጣጠራል» የሚሉም አሉ። አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ የሥራ አስፈጻሚውን ኃላፊዎች እንዲጠራና እንዲጠይቅ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ወረቀቱ ላይ ያምራል። ግን ከአራት ኪሎ የምንሰማው በመቶኛ የተቀመረ አፈጻጸም ነው። ስንት በመቶ ተሳካ፣ ስንት ሥልጠና ተሰጠ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ መግለጫ ሰጥተው በእስር ቤቶች ውስጥ በሰዎች ላይ ሲፈጸም የኖረውን ሥቃይ ሲዘረዝሩ አገሩ በሙሉ ደነገጠ። እኔ የደነገጥኩት በሌላ ነገር ነው። ያ ሁሉ ሲፈጸም ምክር ቤት ነበረ፣ ቋሚ ኮሚቴ ነበረ፣ ኮሚሽንም ነበረ፤ ሪፖርት በየዓመቱ ይቀርብ፣ ይደመጥ፣ በጭብጨባ ይጸድቅ ነበር። እውነቱ የወጣው ቁጥጥሩ ሠርቶ አይደለም። ሥልጣን ላይ ያሉት ሰዎች ስለተለወጡ ነው። ነሐሴ 2008 ዓ.ም. ቂሊንጦ እስር ቤት ተቃጥሎ በመንግሥት ቁጥር 23 ሰዎች ሲሞቱም በወራት ውስጥ ክስ የተመሠረተው በ38 እስረኞች ላይ ነበር። በር የቆለፈው ሌላ፣ የተከሰሰው ሌላ።

ምንም አልተሠራም አልልም። ፒያሳ አጠገብ የነበረው ማዕከላዊ የተባለው የምርመራ እስር ቤት በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል። የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽኑ ማቋቋሚያ በ2012 ዓ.ም. ሲሻሻል እስር ቤቶችን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ የመጎብኘት ሥልጣን አግኝቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ ጎብኚ ቀለም የተቀባ ግድግዳና አዲስ ብርድ ልብስ አይቶ ይመለሳል። ሳይደውል የሚመጣው ነው ያደረውን ሽታ የሚያገኘው። ግን ኮሚሽኑ አይቶ ሲያበቃ የሚያወጣው ምክረ ሐሳብ ነው። ምክር ደግሞ፣ ሰሚው ካልፈለገ፣ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

እኔ የምጠይቀው አዲስ መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም አይደለም፤ ሕንፃና መኪና የሚገዛበት ሌላ ሰበብ ይሆናል። ማንኛውም ጣቢያ በየምሽቱ የዕለቱን የተያዦች መዝገብ ቅጂ ለቅርቡ ፍርድ ቤት ይላክ፦ ስም፣ የተያዘበት ሰዓት፣ ምክንያት፣ የያዘው ሰው ስምና ፊርማ። ከኬላ የተመለሰ መንገደኛ ሁሉ እንዲሁ ይመዝገብ፣ እሱም አንድ ቅጂ ይዞ ይሂድ። አንዴ ከግቢው የወጣ ወረቀት በሌላ ቀለም እስክሪብቶ አይታረምም። በጀት የለም እንዳይሉኝ፤ የአንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ነው። ከመዘጋጃ ቤት ቁልቁል ሲወርዱ በየደረጃው ሥር የሚያነሡ ልጆች ሞልተዋል፤ ገንዘቡ ከጠፋ አክስቴ ከስንቁ ጋር ይዛ ትመጣለች።