ዜግነትና ግሪን ካርድ ለየቅል ናቸው

ወንድሜ፣ «አሜሪካ ዜግነት የሰጠችው ሰው ደብረ ማርቆስ ሦስት ዓመት ከተቀመጠ ይነጠቃል» ያልከው ስህተት ነው። ወሬው ከሜዳ አልተነሳም፤ በትውልድ አገሩ ሦስት ዓመት የኖረን ዜግነት የሚያሳጣ ሕግ በእርግጥ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 እ.ኤ.አ. ሻረው። ውጭ በመክረም ሊጠፋ የሚችለው ግሪን ካርድ፣ ማለትም የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ነው። አክስቴ በዚሁ ወሬ ደንግጣ፣ ጤፉ ሳይወቃ ሻንጣዋን አስራ ነበር። ዜጋ ከሆነች ቆይታለች እኮ!

ጭራሽ አይነጠቅም ማለቴ ግን አይደለም። ሲያመለክት ዋና ጉዳይ የደበቀ ወይም የዋሸ ሰው ሊነጠቅ ይችላል። ያኔም መንግሥት ከስሶ ፌዴራል ፍርድ ቤትን ማሳመን አለበት። እንግሊዝ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ የሚወስነው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ነው፣ ፍርድ ቤት የሚደረሰው በይግባኝ ነው።