ሐኪሙ በዛ፣ አረፋው አልጠፋ

ሰሞኑን አኳሪየሜ፣ የባሕር ዓሣ የማኖርበት የጨው ውሃ ገንዳ፣ አረፋ በአረፋ ሆኗል። ቡልቅ ቡልቅ የሚል ትልቅ አረፋ ቢሆን ግድ የለኝም ነበር። ይሄኛው የደቀቀ ነው። ወደ ላይ ወጥቶ መፈንዳቱን ትቶ ውሃው መሐል ይንሳፈፋል። ዓሣዎቹን ብዙም አይጎዳም፤ ሲያዩት ግን ያስጠላል።

ያናደደኝ ግን አረፋው አይደለም። አረፋ ምክንያት አለው፤ ተፈልጎ ይገኛል። ያናደደኝ ቡና ሊጠጣ የመጣ ሰው ሁሉ ካፖርቱን ሳያወልቅ መድኃኒት ማዘዙ ነው።

«ፈልቶ ነው፤ ማሞቂያውን ንቀለው» አለ አንዱ። ውሃው 25 ዲግሪ ነው፤ በምን አቅሙ ይፈላል? ደግሞ በቨርጂኒያ ጥር ማሞቂያ ነቅዬ ዓሣዎቹን ጋቢ ላልብሳቸው? «ሳሙና ነክቶት ይሆናል» አለች ሌላዋ። እሷስ ቢያንስ «ይሆናል» አለች። አንድ ጋሼ «እኔ ብሆን ድንጋዩን አንስቼ ከሥሩ አየው ነበር» ብለው እጅጌያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ሮጬ ደረስኩ።

እዚህ ላይ የምወደው ተረት አለ፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። እናቴ የምትለው ነገር የሚቆሰቁስ ሰው ስታይ ነበር። የጨው ውሃ አኳሪየም ያለው ሰው ግን ተረት ነው ብሎ አያልፈውም። ከባሕር በመጣው ድንጋይ ሥር ብሪስል ወርም የሚሉት ጸጉራም ትል ይኖራል። ቀን ይደበቃል፤ ማታ መብራት ሲጠፋ ይወጣል። በባዶ እጅ የነካው ሰው ጸጉሩን ከጣቱ ሲለቅም ያመሻል። ጋሼን ያዳንኳቸው ከዚህ ነው። ምስጋና ግን የለም፤ «ፈሪ ነህ» ብለውኝ ቁጭ አሉ።

ከሁሉም የከፋው ኢንጂነራችን ነው። አጎንብሶ አየና «ውሃው ጎድሏል መሰለኝ፤ ጨው ጨምርበት» አለ።

ጨው!

ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይተንም። ቢተንማ ኖሮ አፋር ውስጥ ያ ሁሉ ጨው ከየት ይመጣል? በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ደናክል ድረስ ገብቶ ነበር። ውሃው በፀሐይ ተነነ፤ ጨው ቀረ። ቦታው ዛሬም ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ጨዉ ተጠርቦ በግመል ወጣ፤ አሞሌ ተባለ፤ ገንዘብ ሆኖ ገበያ ዋለ። የአሞሌ አገር ልጅ፣ ያውም ኢንጂነር፣ ሳሎኔ ውስጥ ቆሞ «ጨው ጨምርበት» ይለኛል። የባሕር ውሃ በኪሎ 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። ውሃው ሲጎድል የቀረው ጨዋማነቱ ይብሳል እንጂ አይቀጥንም። የሚጨመርበት ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃ ነው። ይሄን ብነግረው ሳቀብኝ።

እንዲህ ዓይነት ሰው ሳይ አዲስ አበባ የነበረው ጎረቤታችን ትዝ ይለኛል። የአባቴ ሬዲዮ ድምፁ ቢንሿሿ «እኔ እያለሁ ለምን ገንዘብ ታወጣለህ?» ብሎ በዳቦ ቢላዋ ፈታው። ገጠመው። ሁለት ብሎን ተረፈ። አባቴ «እነዚህስ?» ቢለው፣ ኮስተር ብሎ «ትርፍ ናቸው» አለ። ሬዲዮው ከዚያን ቀን ጀምሮ ትንፍሽ አላለም። ይቅርታ እንኳ አልጠየቀንም። እንዲያውም ለሠፈሩ «ድሮም ያለቀለት ነበር» ብሎ አስወራ። ይሄ አሁንም ያንገበግበኛል። ዜና ከሰው ቤት በር ላይ ቆመን የሰማንበት ጊዜ ነበር። በሰው ዕቃ መራቀቅ ምን ይባላል?

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ እንግዶቹ። መድኃኒት ማዘዝ ሲያልቅባቸው ወደ ምግብ ዞሩ። «ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም» ተጀመረ። ጋሼ «አይበላም» አሉ፤ ኢንጂነሩ የአዲስ አበባ የጾም ሜኑ ላይ የዓሣ ዱለት መኖሩን ማስረጃ አድርጎ አቀረበ። ሁለቱም ሲከራከሩ ዓይናቸው ክላውን ፊሾቼ ላይ ነው። አውራ ጣቴን የማያህሉ ፍጥረቶች! ክላውን ፊሽ ሁሉም ወንድ ሆኖ እንደሚጀምርና ዋናው ወደ ሴት እንደሚለወጥ ግን ለእንግዳ አላወራም። ያን ጊዜ ቡናው በረካ ላይ አያበቃም።

አረፋው ላይ ልመለስ፤ ሳይመሽ። በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ትንንሽ አረፋዎች ሲገናኙ ይዋሃዳሉ፤ ተልቀው ይወጣሉ። የባሕር ጨው ግን እንዳይዋሃዱ ያደርጋቸዋል። ልክ እንደ እኛ ማኅበሮች፤ ይገናኛሉ፣ ይነካካሉ፣ ለየብቻ ይቀጥላሉ። ስለዚህ ጥያቄው አየሩ በየት ገባ የሚለው ነው። እንደኔ ዓይነቱ 75 ሊትር ገደማ የሚይዝ አኳሪየም ፓምፑ የሚቀመጠው ከኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ውሃ ሲተን የሚጎድለው እዚያ ነው። ፊት ለፊት ያለው ምንጊዜም ሙሉ ሆኖ ይታያል። በክረምት የቤቱ ማሞቂያ አየሩን ሲያደርቀው ደግሞ ትነቱ ይብሳል። የኋላው ውሃ ዝቅ ሲል ፓምፑ ከውሃው ጋር አየር ይስባል፤ ፈጭቶ ወደ ፊት ይተፋዋል። የላላ የቱቦ መገጣጠሚያም ያንኑ ያደርጋል። ይሄን ለማየት ሶፋውን ገፍቶ ከኋላ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ከሐኪሞቹ መሐል ሶፋ የገፋ የለም። ኢንጂነሩ «ጎድሏል» ያለውም ፊቱን አይቶ ነው፤ ፊቱ ደግሞ ሙሉ ነበር።

እስከ ምልክቱ ንጹሕ ውሃ ሞላሁበት፤ አብዛኛው ጠፋ። የቀረችው ትንሽ አረፋ ከፕሮቲን ስኪመሩ፣ የውሃውን ቆሻሻ በአረፋ ከሚያወጣው ዕቃ፣ ናት። አዲስ ነው፤ አዲስ ስኪመር እስኪለማመድ አንድ ሁለት ሳምንት አረፋ ይለቃል። ሳይነኩ መተው ነው። ለኢንጂነሩ አልነገርኩትም። ካቻቪቴ ይዞ ይመጣል።