«ይገባል» ያላችሁኝ ሰዎች፣ ኑና ስሙት

ክርርርርር።

ይሄ የወፍጮ ድምፅ አይደለም። መኪናዬ ወደ ግራ ስትታጠፍ የምታሰማው ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ መሪ በጠመዘዝኩ ቁጥር ጥርሴን ነክሼ ነው። ፓርኪንግ ውስጥ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየኛል። አንዱማ መስኮቴን አንኳኩቶ «ወንድም፣ የሆነ ነገር እየጎተትክ ነው መሰለኝ» አለኝ። አዎ ወንድሜ፣ መዘዜን ነው የምጎትተው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ ከፋብሪካ የመጣችው በ265/65አር17 ጎማ ነው። ምንም አልበደለኝም ነበር። ግን ሰው አርፎ አይቀመጥም። በጎማውና በፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ባለው የቦዲ ሽፋን) መካከል ያለው ክፍተት ዓይኔን ይበላኝ ጀመር። ያቺን ክፍተት ጎማ ካልሞላት እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። 285/70አር17 አማረኝ፤ ብዙዎች ቁመቱን ይዘው በደፈናው 33 ኢንች የሚሉት። ሞላ ሳልቀይር፣ መኪናዋን ከፍ ሳላደርግ፣ እንዳለች ይገባላት ይሆን ብዬ የማውቀውን ሁሉ ጠየቅኩ። መልሱ አንድ ነበር። «ይገባል!»

ብሶቴ እንግዲህ ከዚች ቃል ጋር ነው። ይገባል ማለት ምን ማለት ነው? ቁም ሳጥንም በበር ይገባል። ከገባ በኋላ የሳጥኑ በር ይከፈታል ወይ ነው ጥያቄው።

ጋራዥ ውስጥማ ገባ፣ አልክድም። መኪናዋ ክሪክ ላይ ናት፣ ጎማው ተንጠልጥሏል፣ መሪው ቀጥ ብሏል። መካኒኩ ብሎኖቹን አጠባበቀና ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «አላልኩህም? ይኸው ገባ» አለኝ። እኔም ፎቶ አነሳሁ። ፎቶው ደግሞ ያምራል። ከዚያ ከክሪኩ ወረደች። ክብደቷ ሲያርፍበት ጎማው ወደ ላይ ጠለቅ አለ። ወደ ኋላ ልወጣ መሪውን ወደ ግራ ስጠመዝዝ፣ ክርርርር። መካኒኩ ቀና ሳይል «ይላመዳል» አለኝ። ማነው የሚላመደው? ጎማው ነው ብረቱ?

ከመግዛቴ በፊት ማውጣት የነበረብኝን ሂሳብ ያወጣሁት ያን ቀን ማታ ነው። ከባድ ሂሳብ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግርሃል። የመጨረሻው ቸርኬው ነው፣ በኢንች። የድሮው ጎማዬ ከአናቱ እስከ መሬት 776 ሚሊሜትር ገደማ ነበር። አዲሱ 831 ነው። 55 ሚሊሜትር ጨመረ ማለት ነው። መኪናዋ ግን ከመሬት የራቀችው በግማሹ ብቻ ነው፣ በ27 ሚሊሜትር። ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም። ዲፈረንሻሌ፣ ያ ከሥር በጎማዎቹ መካከል ያለው የማርሽ ቤት፣ ድንጋይ እንዳይነካ ብዬ የለፋሁት ለዚህ ነው። የቀረው ግማሽ ወደ ላይ ነው የሄደው፣ ወደ ፓራፋንጎው። ጎማ ክብ ነውና ወደ ፊትም 27፣ ወደ ኋላም 27 ጨምሯል። ሁሉም ሰው የሚያየው ወደ ላይ ያለውን ክፍተት ነው። እኔንም የሸወደኝ እሱ ነው። ጉዱ ያለው ወደ ኋላ ነው።

እንዴት አወቅክ ትሉኝ እንደሆነ፣ በጠመኔ። የጎማውን ትከሻ ዙሪያውን ነጭ ቀባሁት። ባዶ ሜዳ ላይ ሄጄ መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው፣ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ። ወርጄ ባትሪ ይዤ ተንበረከክሁ። አንዱ ነጭ ምልክት ከፊት ነው፣ የመከላከያው ታችኛ ጫፍ ላይ። ያ ቀላል ነው። ሌላው ከኋላ ጭቃ መከላከያው ላስቲክ ላይ ነው። እሱም ይፈታል፣ ይጣላል። ሦስተኛው ግን ከጎማው ጀርባ፣ የጎማውን ቤት ከውስጥ የሚሸፍነው ፕላስቲክ ሆድ ላይ ነበር። በጣቴ ስገፋው አልገባ አለኝ። ለካ ከፕላስቲኩ ጀርባ ቦዲው ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበት ብረት ቆሟል። የብረቱ ማዕዘን በፕላስቲኩ ላይ ቅርፁ ወጥቷል። ጎማው ትከሻ ላይ ደግሞ ጥፍር የምታህል የላስቲክ ፍላጭ ተንጠልጥላለች። ያ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ፀጉሩ እንኳ ገና አልረገፈም እኮ!

እዚህ ላይ መካሪዎቼ ተመለሱ። «ስፔሰር አስገባ፣ ጎማውን ወደ ውጭ ያወጣልሃል፣ አለቀ» አሉኝ። ስፔሰር ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ ወፍራም ብረት ነው። እኔም ሞኙ አስገባሁ። ባሰ! ለምን መሰላችሁ፣ ጎማው ሲታጠፍ የሚዞረው በራሱ መሀል ላይ አይደለም። ከውስጥ በኩል፣ ጎማውን ከመኪናዋ ጋር በሚያያይዙት ክንዶች፣ በአርሞቹ መጋጠሚያዎች ላይ ነው። ጎማውን ወደ ውጭ በገፋኸው መጠን ከዚያ መዞሪያ ይርቃል። ሲታጠፍም የሚጠርገው ክብ ይሰፋል። ሰፊ በር ሲከፈት ብዙ ቦታ እንደሚወስደው ማለት ነው። ስፔሰር የሚጠቅመው ጎማው ከውስጥ አርሙን የሚነካ ከሆነ ነው። የእኔ ከውስጥ አይነካም ነበር። ያልታመምኩትን በሽታ አከሙልኝ፣ የታመምኩትን አባባሱብኝ።

ስፔሰሩን አስወጣሁ። ቀጥሎ የመጣው ምክር ደግሞ «መጀመሪያውኑ ሊፍት ማሠራት ነበረብህ» ነው፤ መኪናዋን በሞላዋ ከፍ ማድረግ ማለቱ ነው። ይህን ያለኝ ያው «ይገባል» ያለኝ ሰው ነው፣ ያው ራሱ! እሺ፣ ሊፍቱን እንየው። ሊፍት መኪናዋ ስትቆም ከፍ ያደርጋታል። ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ጎማው ወደ ላይ ሲወጣ ግን የሚያስቆመው በመጨረሻ የሚያርፍበት ላስቲክ ነው። እሱ ካልተቀየረ ጎማው የሚደርስበት ቦታ ያው ነው፣ መኪናዋ ብትነሳም ባትነሳም። ከጎማው ጀርባ ያለው ብረትም መኪናዋ ከፍ ስላለች መንገድ አይለቅም። ሊፍት አሠርተው እንደገና መጋዝ የያዙ ሰዎች የበዙት ለዚህ ነው። ሊፍት ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። የእኔን ክርክርታ አይፈውስም ነው የምለው።

አንዱ ደግሞ መሪው እስከ መጨረሻው እንዳይዞር አድርግና ተገላገል አለኝ። ጎበዝ! በአንድ ጊዜ የምታጠፈውን በሦስት ጊዜ ላጥፋው? በዚህ አያያዝማ ባልታጠፍ ይሻላል።

ሌላውን ጣጣ በአጭሩ ልንገራችሁ። የፍጥነት ቆጣሪው ይዋሻል። 100 ሲል እየሄድኩ ያለሁት 107 ገደማ ነው። የኪሎሜትር ቆጣሪውም በዚያው ልክ አሳንሶ ይቆጥራል። ነዳጅ በላች ብዬ ስሰላ ያበድኩት ለዚህ ነው። ነዳጁ በእውነት ጨምሯል፣ ቆጣሪው ደግሞ ላዩ ላይ ቤንዚን አርከፈከፈበት። ጎማው ከባድ ስለሆነ ስትነሳ ትለግማለች፣ ፍሬኑም ጠንከር ያለ እግር ይፈልጋል። ተጠባባቂው ጎማ ከሥር ባለው ቦታው አልገባም አለ። አሮጌውን ልያዝ ብል መጠኑ ከሌሎቹ ይለያል፣ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ በሚነዳበት መኪና ላይ ያ ለዲፈረንሻል ጤና አይደለም። ስለዚህ ትልቁ ጎማ አሁን ጭነት ክፍሉ ውስጥ ተጋድሟል። ዕቃ መጫኛ ብዬ የገዛኋት መኪና ጎማ ታመላልሳለች።

ታዲያ ምን አደረግክ? የመከላከያውን ጫፍ በመጋዝ ቆረጥኩት። ጭቃ መከላከያ ላስቲኩን ፈታሁ። ፕላስቲኩን በሙቅ አየር አለስልሼ ወደ ኋላ አስተኛሁት፤ እጄ ተቃጥሏል፣ ይሁን። ከሁሉም የረዳኝ ግን ማንም ያልነገረኝ ነገር ነው። የጎማ አቅጣጫ የሚያስተካክል ባለሙያ ጋ ሄድኩ። ሰውየው ብዙ አያወራም። ጠመኔውን አየ፣ ከሥር ገባ፣ «ካስተር እንጨምርለት» አለ። ካስተር የሚሉት ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ የሚያዘነብልበትን መጠን ነው። የታችኛውን አርም የሚያስተካክሉትን ብሎኖች ዞር ዞር አደረጋቸው። ጎማው በጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት መጣ፣ ከብረቱም ራቀ። ይኸው ነው። ስፔሰር የለ፣ ሊፍት የለ። «ይገባል» የሚል ቃልም ከአፉ አልወጣም።

ብረቱን ቆርጦ እንደገና መበየድ የሚባል መፍትሔም አለ። ሰዎች ያደርጉታል፣ ይሠራልም። እኔ ግን ቦዲውን ከሻንሲው ጋር የያዘውን ነገር ለጎማ ውበት ብዬ አላስቆርጥም። ያንን ያህል አላበድኩም፣ ገና።

አሁን ቀኙ ሰላም ነው። ግራውም ወደ ፊት ስሄድ ሰላም ነው። የቀረችው ወደ ኋላ እየሄድኩ መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ስጠመዝዝ ብቻ ናት። ስለዚህ ስቆም አስቤ ነው የምቆመው፣ ስወጣ ወደ ቀኝ እንድወጣ።

ዛሬ ጠዋት ቸኩዬ ረሳሁት። ያ መስኮቴን ያንኳኳው ሰውዬ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «እስካሁን አልፈታኸውም?» አለኝ።

ክርርርርር።