ለክቡር አቶ ቦነስ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ክቡር አቶ ቦነስ
የታላላቅ መድኃኒት ኩባንያዎች ሥራ አስፈጻሚዎች ክፍያ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በየዓመቱ በፖስታ ሳጥኔ እየመጡ ሰላም ስለሚነሱኝ ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እርስዎ አያውቁኝም። እኔ ግን በየዓመቱ ጸደይ ሲገባ፣ የሜሪላንድ ዛፎች አበባ ሲያወጡና አፍንጫዬ ሲታፈን፣ እርስዎን በሁለት እጄ አቅፌ ከፖስታ ሳጥኑ ወደ ወጥ ቤት አስገባለሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ መክሮኝ የአንድ ትልቅ መድኃኒት ኩባንያ አክሲዮን ገዛሁ። ስድስት። ስለዚህም በሕግ ፊት ከባለቤቶቹ አንዱ ነኝ፤ ባለቤት ደግሞ ሠራተኛው ስንት እንደሚከፈለው ሊነገረው ይገባል ተብሎ ከመቶ ገጽ በላይ የሆነ ጥራዝ ይላክልኛል። የጥራዙ ትልቁ ክፍል ስለ እርስዎ ነው። ካንሰር እንኳን ያን ያህል ገጽ አላገኘም።

ዘንድሮ ሲመጡ እናቴ የማቀዝቀዣውን በር ከፍታ ኢንሱሊኗን እያወጣች ነበር። ቦታው የእንቁላሉ መደርደሪያ ላይ፣ ከንጥር ቅቤው ጎን ነው።

«ምንድን ነው የምታነበው?» አለችኝ።

«የኩባንያው አለቃ ስንት እንደሚከፈለው ነው፣ እማዬ።»

ነገርኋት። ዝም አለች። መርፌዋን ወግታ፣ ቀሚሷን አስተካክላ፣ ጠርሙሱን ወደ ቦታው መልሳ ስታበቃ፣ «መድኃኒቱን ያገኘው እሱ ነው?» አለች።

ይህን ጥያቄ ከመቶ ገጽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት፤ መልሱን ግን አውቀው ነበር። ኢንሱሊንን ለሰው ያበቁት ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ በ1923 የፈጠራ መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሸጡት እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ፤ እርስዎም የሚታሰቡት በዚያው ነው።) ሦስት ሰው፣ ሦስት ዶላር። ሑማሎግ የሚባለው የኤሊ ሊሊ ኢንሱሊን በ1996 ገበያ ሲወጣ የአንዱ ጠርሙስ ዋጋ 21 ዶላር ነበር፤ በ2019 ወደ 275 ዶላር ደርሷል። አገር ከጮኸ በኋላ በ2023 ኩባንያው ዋጋውን 70 በመቶ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ቀንሶም አልከሰረም።

እንግዲህ ጠበቆችዎ የሚሉትን እኔው ላስቀድምልዎ፤ ውሸት አይደለምና። በ2022 የፋይዘር ገቢ 100 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን ዋና ሥራ አስፈጻሚው አልበርት ቡርላ ያገኙት 33 ሚሊዮን ነበር። ከእያንዳንዱ 10,000 ዶላር ሦስት ዶላር ከምናምን ማለት ነው። እርስዎን ሙሉ በሙሉ ብንሰርዝዎ እንኳን የእናቴ መድኃኒት ከጥቂት ሳንቲም በላይ አይረክስም። የኮቪድ ክትባቱ ነገርም አለ፤ በዚያ በጭንቅ ዘመን በአንድ ዓመት ውስጥ ክትባት ያደረሰ ኩባንያ ለአለቃው ቢያጎርስ ማን ይከለክላል? ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው እንላለን። እርስዎ ግን ይኸው ስንት ዓመት ሲጎርሱ አንድ ቀን እንኳን አላነቀዎትም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ መጠንዎ ብቻ አይደለም፤ ሰውን ወዴት እንደሚያስሮጡት ነው። ሑሚራ የሚባለው የሪህ መርፌ በ2003 ከወጣ ጀምሮ እስከ 2021 ድረስ ዋጋው 27 ጊዜ መጨመሩን የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ቆጥሯል። የመድኃኒቱ ባለቤት የሆነው የአብቪ ኩባንያ አለቃ በ2019 ሴኔት ፊት ቀርበው ጉርሻቸው ከዚሁ መድኃኒት ሽያጭ ጋር የተያያዘ ስለመሆኑ ተጠይቀዋል። ነገሩ ቀላል ነው፤ ዋጋው ከፍ ሲል ሽያጩ ከፍ ይላል፣ ሽያጩ ከፍ ሲል እርስዎ ከፍ ይላሉ። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ እስክሪብቶ ይበቃል። ኤፒፔንንም ያስታውሱታል። ንብ ነድፎት ወይም ኦቾሎኒ በልቶ ጉሮሮው ለሚዘጋ ልጅ ጭኑ ላይ የሚወጋ ነው። ውስጡ ያለው መድኃኒት ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነው። የሁለቱ መርፌ ዋጋ ግን በ2007 ከነበረበት 100 ዶላር ገደማ በ2016 ከ600 በላይ ሆነ። በዚያው ዘመን ኤፒፔንን ይሸጥ የነበረው የማይላን ኩባንያ ኃላፊ የሔዘር ብሬሽ ክፍያ ከ2.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወደ 19 ሚሊዮን ገደማ ወጣ። ልጁና ኃላፊዋ አብረው አደጉ።

አሁን ስለ ቁመትዎ እንነጋገር።

አንድ ዓመት ጎጃም ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ የትራኮማ መድኃኒት ሲታደል ደረስሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀለም የተቀባ ዘንግ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ አቁማ ሕዝቡን በሰልፍ ታስለካለች። የትራኮማ መድኃኒት ሚዛን አይፈልግም፤ ቁመት ታይቶ ፍሬው ይቆጠራል። አንድ ጮሌ ልጅ ተጨማሪ ፍሬ ፈልጎ በእግሩ ጣት ቆመ። ሴትየዋ ምንም አልተናገረችም፤ መዳፏን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ ተረከዙን መሬት አስነካችው። መድኃኒቱ በነጻ ነበር፤ ፋይዘር ለዚህ ሥራ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲለግስ ኖሯል። ይህን የምክድ ሰው አይደለሁም።

የእርስዎም መለኪያ ዘንግ ነው፤ ጥራዙን አንብቤ የደረስሁበት እሱን ነው። የክፍያ ኮሚቴው «አቻ» የሚላቸውን ኩባንያዎች ይሰበስብና የአለቆቻቸውን ክፍያ ይደረድራል፤ ከዚያ «የእኛ ሰው ከመካከለኛው በታች ሊሆን አይገባም» ይላል። በሚቀጥለው ዓመት ያኛው ኩባንያ ይኸኛውን አቻ አድርጎ ያንኑ ይላል። ሁሉም ከመካከለኛው በላይ ልሁን ሲል መካከለኛው ራሱ ይነሣል። ጎጃም ውስጥ ዘንጉ ቆሞ ልጁ ያድጋል፤ እርስዎ ዘንድ ዘንጉም ያድጋል። በእግር ጣት መቆም ደግሞ ነውር መሆኑ ቀርቶ ደንብ ሆኗል፤ ትከሻ ላይ የሚያርፍ መዳፍ የለም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚለው ተረት እንኳን አይበቃም፤ እነዚህ ለጓደኛ ነው የሚቆርሱት፤ ጓደኛው ነገ በሌላ ገበታ ይቆርስላቸዋል።

የመድኃኒት ኩባንያው የአስትራዜኔካ አለቃ ፓስካል ሶሪዮ በ2018 ለእንግሊዝ ጋዜጣ ከዘርፉ አለቆች ሁሉ ዝቅተኛ ተከፋይ እኔ ነኝ ብለው ቅር መሰኘታቸውን ተናግረው ነበር። ያን ጊዜ በዓመት ከ9 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ያገኙ ነበር። ሰውዬው ሰነፍ አይደሉም፤ በ2014 ፋይዘር ኩባንያውን ሊጠቀልል ሲመጣ አልሸጥም ብለው ከዚያ ወዲህ ዋጋውን አበዝተውታል። ግን ቅሬታቸውን ልብ ይበሉ፤ ሥራዬ ይህን ያህል ያወጣል አላሉም፤ ከጎረቤቴ አነስሁ ነው ያሉት። በ2024 ባለአክሲዮኖች የክፍያ ጣራቸው እስከ 18.7 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲደርስ ፈቀዱላቸው።

ደግሞ ውጤት ያስገኘ ይከፈለዋል ይሉናል። ይሁን። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ሱስ በሚያስይዙ የሕመም ማስታገሻዎች (ኦፒዮይድ) ክስ ምክንያት የመደበውን 4 ቢሊዮን ዶላር ለአለቃው የ2020 ጉርሻ በተሠራው ስሌት ውስጥ አላስገባም። ባለአክሲዮኖች አጉረመረሙ፤ 57 በመቶ ያህሉ ግን ይሁን ብለው አለፉት። ትርፍ ሲመጣ የአለቃው ብልኀት፣ ኪሳራ ሲመጣ ከሰማይ የወረደ መዓት።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው የአገሬ ሰው የስዊሱን መድኃኒት ኩባንያ የኖቫርቲስን ሊቀ መንበር ዳንኤል ቫሴላን አላወቀም። ቫሴላ በ2013 ከሊቀ መንበርነት ሲወርዱ ለስድስት ዓመት ተፎካካሪ ዘንድ እንዳይሠሩ 72 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ሊከፈላቸው ነበር። ደግሜ አነበብሁት፤ እንዳይሠሩ ነው። ብዙ ሥራ አጥ ዘመዶች አሉኝ፤ አንዳቸውም ላለመሥራታቸው ይህን ያህል አልጠየቁም። ስዊሶች ተቆጡ፣ ቫሴላ ገንዘቡን ተዉት፤ ቁጣው ግን አልበረደም። ቶማስ ሚንደር የሚባል የጥርስ ሳሙና አምራች ከዚያ በፊት ጀምሮ ፊርማ አሰባስቦ ያዘጋጀው የሕዝበ ውሳኔ ሐሳብ በመጋቢት 2013 ሲቀርብ 68 በመቶ ገደማ ሆነው ደገፉት፤ ባለአክሲዮን በአለቆች ክፍያ ላይ የሚሰጠው ድምፅ የሚያስር እንዲሆን አደረጉ። ክቡርነትዎ፣ ያን ሁሉ የኢኮኖሚ ሊቅ ረትተው በጥርስ ሳሙና ሻጭ ተሸነፉ።

እዚህ አሜሪካ ግን አይሥጉ። የ2010ሩ ሕግ እኔንም ድምፅ ስጥ ይለኛል፤ ድምፄ ግን ምክር ነው። ቦርዱ ሰምቶ አመስግኖ ያልፈዋል። ቢሆንም ቅጹን ሞላሁ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ «የትኛው ነው እምቢ የሚለው?» አለችኝ፤ አሳየኋት፤ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ ሳጥኑን እስኪቀደድ ድረስ አጠቆረችው። ጥራዝዎ አሁን ከጀበናው ሥር ነው፤ ወፍራም በመሆኑ ሙቀት አያሳልፍም። በጥራት ረገድ ቅሬታ የለኝም።

ከሰላምታ ጋር
የስድስት አክሲዮን ባለቤት

ግልባጭ፦
ለክፍያ ኮሚቴው
ለእናቴ፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ
ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ዘንጓን ይዛ እንድትመጣ