መኪናዋ ተነሳች፤ ትቆማለች ወይ?

ለጥምቀት እደርሳለሁ ብዬ አገር ቤት የገባሁት አንድ ወር ሙሉ ቀድሜ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ብረት ይበዛ ነበር። አራት የፍሬን ሲሊንደር፣ አንድ የፍሬን ማስተር፣ በላስቲክ የተጠቀለሉ የፍሬን ቱቦዎች። ቦሌ ላይ ፈታሿ አንዱን አነሳችና "ይሄ ምንድነው?" አለችኝ። "የአባቴ መኪና ፍሬን ነው" አልኳት። አገላብጣ አየችውና መለሰችልኝ።

መኪናዋ ቮልስ ናት። በእኛ አቆጣጠር 1958 የተሠራች፣ ያቺ ጀርባዋ ጎበጥ ያለው፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነው። አባዬ አስተማሪ ሳሉ ነው ሁለተኛ እጅ የገዟት። እኔም እህቶቼም ትምህርት ቤት የተመላለስነው በእሷ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ቤንዚን አፈሰሰች። "ነገ አሠራታለሁ" አሉ። ነገ ዛሬ ሲባል 14 ዓመት በሸራ ተሸፍና ጎንደር ግቢያችን ውስጥ ቆመች። አባዬ ግን መንጃ ፈቃዳቸውን አንድም ጊዜ ሳያድሱ ቀርተው አያውቁም። ይህን እናቴ ስትነግረኝ ነው ነገሩን ችላ ማለት እንደማልችል የገባኝ።

ፍራንክፈርት ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር ጡረተኛ ጎረቤት አለኝ። እሱም ያንኑ ዘመን ቮልስ ይነዳል። ባለፈው ዓመት ለምርመራ ሲሄድ አብሬው ሄጄ ነበር። ጀርመን ውስጥ ምርመራውን ሁሉም "ቱፍ" ነው የሚለው። አዲስ መኪና መጀመሪያ በሦስት ዓመቱ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል። ያለፈ መኪና የኋላ ታርጋው ላይ ክብ ምልክት ይለጠፍለታል። የምልክቱ ቀለም በየዓመቱ ስለሚለያይ ፖሊስ ከሩቅ አይቶ ያውቀዋል። 30 ዓመት የሞላውና እንደ ጥንቱ የተጠበቀ መኪና ደግሞ ታርጋው መጨረሻ ላይ የተለየ ፊደል ያገኛል፤ እንደ ቅርስ ይቆጠራል።

መርማሪው ቮልሷን ሲያይ ፊቱ በራ። ጣሪያዋን በመዳፉ መታ መታ አደረጋት። ከዚያ ትንሽ መዶሻ ይዞ ከሥሯ ገባና ላሜራዋን ከዳር እስከ ዳር እያንኳኳ አዳመጠ። ደህናው ብረት ሌላ ድምፅ አለው፤ የበሰበሰው ሌላ። የኋላ ግራ ጎማ ላይ የፍሬን ዘይት እርጥበት አገኘ። ምልክቱን አልሰጠም። ያገኘውን ጽፎ "በአንድ ወር ውስጥ አሠርተህ ተመለስ" አለው። ጎረቤቴ ወረቀቱን አነበበ፣ አመሰገነ፣ እጁን ጨበጠው። እኔን የገረመኝ ምስጋናው ነው። እኛ ዘንድ መርማሪ መኪና ሲጥል "ይሄ ሰውዬ ምን አደረግነው?" ነው የሚባለው። ጎረቤቴ ግን ሊገድለው የነበረውን ነገር ሰው አገኘለት።

ወደ ጎንደር ልመለስ።

መካኒኩን ያገኘነው አውቶ ፓርኮ ሰፈር ነው። ስልሳውን ያለፉ፣ እጃቸው ከዘይት ተለይቶ የማያውቅ ሰው ናቸው። ሰፈሩ በስሙም ያስታውቃል፤ ጣልያን የወታደር መኪና ያቆምበት የነበረ ነው። ጣልያን ከኢትዮጵያ መጨረሻ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 እዚሁ ጎንደር ላይ ነው። ቃላቱ ግን መካኒክ ቤት ቀሩ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፣ ኩሽኔታ። ልጅ ሆኜ ሁሉም አማርኛ ይመስለኝ ነበር። አሁንም አማርኛ ናቸው እላለሁ። ሰማንያ ዓመት በላይ የሠራንባቸው ቃላት ናቸው።

ጋሼ (ሁላችንም እንዲህ ነው የምንላቸው) ሞተሩን ለማስነሳት አልቸኮሉም። አራቱን ካንዴላ ፈቱ። በየቀዳዳው ትንሽ ትንሽ ዘይት ጠብ አደረጉ። "ይረፍ" ብለው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን መጥተው ሞተሩን በእጃቸው ቀስ ብለው አዞሩት። ዞረ። ጋኑ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እንደ ቫርኒሽ ይሸት ነበር፤ ደፍተው አጠቡት። ካርቡሬተሩን ፈታተው እያንዳንዷን ቀዳዳ በአፋቸው እየነፉ አጸዱ። ፍራንክፈርት ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሰው ለማግኘት ወር ትጠብቃለህ፣ በሰዓት የሚያስከፍልህም ያማል። ጋሼ ቡና ጠጡ፣ ምሳ በሉ፣ እናቴን ስለ ልጆቿ ጠየቁ፣ ከዚያ ቁልፉን ለአባዬ ሰጡ።

ተነሳች። ያ የቮልስ ድምፅ ግቢውን ሞላው። እናቴ እልል አለች። ጎረቤት በአጥር አሻግሮ አየ። ልጆች ከመንገድ ሮጠው ገቡ። አባዬ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። የአክስቴ ልጅ "በቃ! ነገ ቦሎዋን ማውጣት ነው" አለ።

እኔ በመስኮት እጄን አስገብቼ "አባዬ፣ እስቲ ፍሬኑን ይርገጡት" አልኳቸው። ረገጡት። ፔዳሉ ወለሉን ነካ። ምንም የለም።

የዚያ ዘመን ቮልስ ፍሬን አንድ መስመር ነው ያለው። የዛሬዎቹ መኪናዎች ሁለት መስመር ስላላቸው አንዱ ቢበጠስ በሌላው ትቆማለህ። በዚህች መኪና ግን አንድ ጎማ ላይ ያለች አንዲት ጎሚኒ፣ ዘይቱን የምትይዘው ላስቲክ፣ ከለቀቀች የአራቱም ጎማ ፍሬን ይሄዳል። በዚያ ላይ የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውኃ ይስባል። 14 ዓመት የቆመ ዘይት ከውስጥ ሲሊንደሩን ያዝገዋል። ከውጭ ስታየው ግን ምንም አይታይም። ሞተር ሲታመም ይጮኻል፣ ያጨሳል፣ ይጠፋል። ፍሬን ዝም ብሎ ይበሰብሳል።

ታዲያ በዚያ ሁሉ ደስታ መሀል ስለ ፍሬን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ይህ የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኛ አገር ስለ አሮጌ መኪና ሲወራ "ትነሳለች?" ተብሎ ይጠየቃል። ሻጭም ገዢም ደላላም ሞተር አስነስተው ነው የሚያዳምጡት። ጎንደር ደግሞ የዳገት አገር ናት። ከጎሀ ኮረብታ ወደ ፒያሳ ስትወርድ መንገዱ ራሱ ይገፋሃል። ወደ ሰሜን ከሄድክ ደባርቅን አልፈህ ሊማሊሞ አለ፤ እዚያ ፍሬን የሌለው መኪና የት እንደሚያርፍ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጭነት መኪና ጥግ ላይ ቆሞ ረዳቱ ድንጋይ ይዞ ከጎማው ኋላ ሲሮጥ ስንቴ አይተናል። ድንጋዩን እንደ ፍሬን ቆጥረን ለምደነዋል። ይህ መለመድ አልነበረበትም።

ሻንጣዬ ውስጥ የነበረው ብረት ሥራ ያገኘው ያኔ ነው። ጋሼ እያንዳንዱን ሲሊንደር ወደ ብርሃን አንስተው አዩ። አንዱን ጉንጫቸው ላይ አስነክተው "አዲስ ነው" አሉ። እሳቸው እስከዛሬ የቮልስ ጎሚኒ ሲያልቅ ከሌላ መኪና እያመሳሰሉ ነው የሠሩት። "ምን ላድርግ ልጄ፣ ዕቃው የለም" አሉኝ። ልወቅሳቸው አልችልም። ጀርመን ውስጥ ለስልሳ ዓመት መኪና ዕቃ ዛሬም ይመረታል፤ ስልክህን ነክተህ ታዛለህ፣ በሁለት ቀን በርህ ላይ ነው። በዚያኛው አገር ጥንቃቄውን የሚያቀለው ይህም ነው። ከ2016 ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገራችን እንዳይገባ ተከልክሏል። ያለው መኪና ገና ብዙ ዘመን ይነዳል ማለት ነው። ትክክለኛ ጎሚኒ ማግኘት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

በመሀል አንድ ሰው መጣ። ደላላ ነው፣ በዘመድ በኩል። "መኪናዋን ማንቀሳቀስ አያስፈልጋችሁም፤ ሊብሬውን ስጡኝ፣ ቦሎውን ይዤላችሁ እመጣለሁ" አለ። ዋጋውንም ነገረን፤ ብዙ አልነበረም። የእውነት ይሁን ማታለል አላውቅም። አባዬ "ልጄ፣ ቦሎውን የምለጥፈው ለማን ብዬ ነው?" አሉት። ሻይ ጠጥቶ ሄደ። እንዲህ ያለውን ሰው "ነገር አቅላይ" ብለን ማመስገን እንወዳለን። እኔ ግን ሳትታይ ቦሎ ያገኘች መኪና ቁልቁለት ላይ ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆች መሀል ስትገባ ነው የሚታየኝ።

በአይሱዙ ጭነን ምርመራ ጣቢያ ወሰድናት። እውነቱን ልናገር፣ ከውጭ አገር እንደመጣ ሰው ብዙ አልጠበቅኩም ነበር። ተሳስቻለሁ። መርማሪው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። መብራቱን፣ ፍሬቻውን፣ ክላክሱን ቶሎ ቶሎ አየና አለፈ። ከዚያ አባዬን "አባባ፣ ባትሪዋ ወዴት ነው ያለው?" አላቸው። "ከኋላ ወንበር ሥር" አሉት። ወንበሩን አነሳ። ባትሪውን ራሱ አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠ። ከሥሩ ያለው ላሜራ የቡና ዝቃጭ መስሏል። በጣቱ ገፋ አደረገው፤ ጣቱ አለፈ። በቀዳዳው የግቢው አስፋልት ታየ። ስንት ዓመት የባትሪ አሲድ የተንጠባጠበበት ቦታ ነው። እኛ ቤት ሰው ሁሉ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ማንም አላየውም።

ፍሬኑን ጎማ በሚያዞረው ሮለር ለካ። የፊት ጎማዎቹ እኩል ናቸው። የኋላ ቀኙ ግን ከግራው በጣም አነሰ። ጋሼ አብረውን ስለነበሩ ወዲያው ገባቸው፤ የካምቢዮ ዘይት በአክስሉ ጎሚኒ አልፎ የፍሬን ሸራውን አርሶታል። አዲስ ሲሊንደር ቢገባም የራሰ ሸራ አይዝም።

"አባባ፣ ዛሬ አላሳልፍዎትም" አለ ልጁ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ስድብ የለመደ ሰው ድምፅ። አባዬ "ጻፍልኝ እንግዲህ" አሉት። ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ በራሱ እስክሪብቶ ሁለቱንም ጻፈ፤ የላሜራውን ቦታ፣ የቀኝና የግራውን ልክ። ይህ ወረቀት ለሁሉም ቢሰጥ ምን ነበረበት? ብዙ ሰው "ወድቋል" ከሚል ቃል ጋር ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው። ምን እንደወደቀ ያልተነገረው ሰው የሚያስተካክለው ነገር የለውም፤ የሚፈልገው ጉዳይ የሚጨርስለት ሰው ነው።

ጀርመንን ሳሞግስ የሁሉንም አገር ሕግ ማሞገሴ አይደለም። እንግሊዝ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 40 ዓመት የሞላውና ብዙ ያልተለወጠ መኪና ዓመታዊ ምርመራ አይገደድም። በዚህ አልስማማም። ባለቤቶቹ ይንከባከቡታል ነው ምክንያቱ፤ አባዬም ሸራ አልብሰው ነው ያኖሯት። የጀርመኑ አካሄድ ይሻለኛል። መኪናውን በተወለደበት ዘመን ልክ ይመዝነዋል። ከጁላይ 1969 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተመዘገበ የቤንዚን መኪና የጭስ ምርመራ አይጠየቅም። ፍሬኑ ግን በየሁለት ዓመቱ ይታያል።

ባትላሜራው ሁለት ቀን ፈጀበት። "በስቱኮ ልሙላውና በቀለም ይሸፈን?" ብሎ ጠይቆ ነበር። አይሆንም አልነው። የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ በየደበት። ጋሼ የአክስሉን ጎሚኒ ለወጡ፣ ታምቡሮውን አጠቡ፣ ሁለቱንም የኋላ ሸራ ቀየሩ። ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ያው ልጅ ወንበሩን እንደገና አነሳ። በጣቱ ገፋ። አልገባም። የሮለሩ ቁጥርም ተቀራረበ። ቦሎዋን መስታወቱ ላይ የለጠፈው ራሱ ነው።

አባዬ የመጀመሪያውን፣ የወደቅንበትን ወረቀት አጥፈው ሊብሬው ውስጥ አኖሩት። ከሰዓት በኋላ ወደ ጎሀ ወጣን፤ እኔ ከጎናቸው፣ እናቴ ከኋላ፣ ባትሪው ላይ። ሲመለሱ ቁልቁለቱ መሀል ላይ፣ ከፊትም ከኋላም ሰው በሌለበት፣ ፍሬን ያዙ። ቆመች። ለቀቁና ትንሽ ወረዱ፣ ደግሞ ያዙ። ቆመች።

"አንዴ ልድገመው" አሉ።