የማይሸጥ ትዝታ፣ የማይመለሱበት ኑሮ

ናሽቪል ከገባሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የካንትሪ ሙዚቃ መዲና በሚባለው በዚህ ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደለንም፤ ይሁንና ከተማው የሚታወቅበትን ሙዚቃ ብዙዎቻችን የምንሰማው በሥራ ቦታ ሌላ ሰው በከፈተው ሬዲዮ እንጂ መርጠነው አይደለም። እኔም ከካንትሪ ድምፃዊቷ ከዶሊ ፓርተን ሥራዎች የማውቀው «ጆሊን»ን እና በኋላ ዊትኒ ሂውስተን የተጫወተችውን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ»ን ብቻ ነበር። ባለፈው ጥር በሌሊት ፈረቃ ዕቃ እየደረደርኩ ሳለ ግን ሰምቼው የማላውቀው አንድ ዘፈኗ መጣና ካርቶኑን አስቀምጬ እስኪያልቅ አዳመጥኩት።

ርእሱ «ኢን ዘ ጉድ ኦልድ ዴይስ» ይባላል፤ በቅንፍ የተጨመረለት ሐረግ ሲፈታ «ኑሮ ክፉ በነበረ ጊዜ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሲወጣ ዶሊ የ22 ዓመት ወጣት ነበረች። ሜርል ሃጋርድን የመሰለ ድምፃዊ በዚያው ዓመት ቢጫወተውም፣ እሷም በ1973 ስለ ትውልድ መንደሯ ባዘጋጀችው አልበም ውስጥ ብታካትተውም፣ በካንትሪ ሰንጠረዥ ከ25ኛ ደረጃ ከፍ ሳይል እንደ ሌሎቹ ሥራዎቿ ሳይታወቅ ቀርቷል።

ዘፈኑ የገበሬ ቤት ኑሮ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ተነሥቶ ፀሐይ እስክትጠልቅ መሥራት፣ በረዶ አዝመራውን ሲደበድብ ምንም ማድረግ ሳይችሉ ቆሞ ማልቀስ፣ ተርቦ መተኛት፣ የአባት እጅ ተሰነጣጥቆ ሲደማ ማየት፣ እናት ታማ ሐኪም የሚከፈልበት ገንዘብ ማጣት፣ በግድግዳው ስንጥቅ የገባው ንፋስ አምጥቶት ሲነጋ ወለሉ ላይ የሚገኘው በረዶ ተራ በተራ ይነሣል። ከዚያ በኋላ በአዝማቹ የምትለው ይህን ነው፦ የዚያን ዘመን ትዝታ በምንም ያህል ገንዘብ አልሸጥም፤ ተመልሼ እንድኖረውም በምንም ያህል ገንዘብ አልስማማም።

የኛ ትዝታ፣ በስሙ ቅኝት እስከ መሰየም የደረሰው፣ የሄደውን እየጠራ፣ የራቀውን እየናፈቀ ያስለቅሰናል፤ በእሱ ያደግሁ በመሆኔም እወደዋለሁ። ይህች ሴት ግን ናፍቆቷን ሳትክድ ያስራባትንም ቤት ሳትምር፣ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። እኔ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ የኅዳር ውርጭ ገብሱን በሚያጨልምበት አገር ነው የተወለድኩት። አራት ወንድማማቾች በአንዲት ባና ተጋፍፈን ስንተኛ የሚሰማኝን ሙቀት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አባቴ ተሰነጣጥቆ የሚደማውን ተረከዙን በእሳት ዳር ሞራ ሲቀባ የሚያሰማውን ድምፅም እንደዚያው አልረሳሁም። የመጀመሪያውን ስናገር ኖሬ ሁለተኛውን ለማንም ተናግሬ እንደማላውቅ የተረዳሁት ያን ሌሊት ነው።

ዶሊ የምትናገረውን ኖራዋለች። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1946 በምሥራቅ ቴነሲ ሴቪየር በሚባለው አውራጃ፣ ከአሥራ ሁለት ልጆች አራተኛ ሆና ሲሆን፣ ማንበብና መጻፍ የማይችለው ገበሬው አባቷ ላዋለዳት ሐኪም የከፈለው አንድ ከረጢት የበቆሎ ዱቄት ነበር። በ1964 ሁለተኛ ደረጃን ባጠናቀቀች ማግሥት ወደ ናሽቪል ሄደች። ዛሬ በስሟ በሚጠራው መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ያች ጠባብ የልጅነት ቤቷ በአምሳያዋ ተሠርታ ትጎበኛለች። በመጋቢት ቤተሰቤን ይዤ ከሦስት ሰዓት በላይ ነድቼ አየኋት። ብዙ ሰው ፈገግ እያለ ያልፋል፤ እኔ ግን በግድግዳው ሳንቃዎች መካከል ያለውን ክፍተት ስመለከት ቆየሁ።

በዚህ አገር ለዘመን መለወጫ ተሰብስበን ቡና ሲፈላ፣ ስለ ገጠር ኑሯችን የምናወራው እሸቱን፣ ጠላውንና የጎረቤቱን ፍቅር ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። በቃሬዛ ተይዘው ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ የቀሩትን እናቶች ግን አናነሣም፤ ስለዚህ እዚህ የተወለደችው ልጄ አንድ ቀን፣ «አባዬ፣ እንዲህ ጥሩ ከነበረ ለምን መጣችሁ?» ብላ ጠየቀችኝና የምመልስላት አጣሁ። ከዚህ የባሰው አገር ቤት ላሉት የምንናገረው ነው። ለማዳበሪያ ተበድሮ ዕዳው የሚያስጨንቀውን ወንድሜን ስንት ጊዜ በስልክ «እናንተስ ታድላችኋል፣ ንጹሕ አየር፣ ንጹሕ እህል» ብዬዋለሁ! እሱ ደግሞ የእኔን የሌሊት ሥራ ስለማልነግረው አሜሪካን ድካም የሌለበት አገር አድርጎ ያስባል። የሱን ድካም እያቆላመጥኩ፣ የራሴን እየደበቅሁ ስኖር የበደልኩት እሱን ነው።

በፋሲካ ማግሥት ደውዬ ዘፈኑን በስልክ አሰማሁትና ስንኙን እየተረጎምኩ ነገርኩት። አዝማቹን ስነግረው ምንም አላለም። ስለ በረዶው ስደርስ ግን፣ «ጋሼ፣ ምን ዘርተው ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

ዘፈኑ እንደማይናገር፣ አባቷ ግን ትምባሆ ያመርት እንደነበር ነገርኩት።

«ትምባሆ እንግዲህ የሚፈለገው ቅጠሉ ነው» አለና ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ገብስ እንኳ ቢመታ ጭዱ ለከብት ይተርፋል፤ ያ ሰውዬስ ምን ተረፈው?» አለኝ።